ነፋስ ወሰደው የተባለው ጥሩምባ

ስልኩ ሲጮህ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል እየወለወልሁ ነበር። ደዋይዋ እኅቴ ስንዱ ናት፣ ከቡሬ። የአባታችንን አርባ አውጥታ ከገጠር መመለሷ እንደሆነ ስለማውቅ መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ «ተዝካሩ እንዴት ዋለ? ሰው በደንብ በላ?» አልኋት።

«ሰውስ በላ። ጠላውም አላነሰም» አለች። ስንዱ እንዲህ ባጭሩ የምታወራ ሴት አይደለችም።

«ምን ሆነሻል?»

«እታለም፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እስቲ ቁጭ በይ።»

«ወለሉ እርጥብ ነው። ቆሜ እሰማለሁ፤ ተናገሪ።»

«የዚያን ዕለት ነፋስ አልነበረም» አለችኝ።

የቱን ዕለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በእኛ ቤት «ያ ዕለት» ሲባል አንድ ነው። እኔ ምጥ ላይ ሆኜ፣ የቃሬዛው ጥሩምባ ሦስት ዙር ተነፍቶ፣ አንድ ወንድ እንኳ ያልመጣበት የመጋቢት ሚካኤል ነው። ለምን እንዳልመጡ አባቴ ራሳቸው ነግረውኛል። ድምፁን ነፋስ ወሰደው አሉኝ። እኔም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋስን ተቀይሜ ኖርሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጂንካ ነው። የተወለድሁት ግን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ወርዶ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አገር ነው። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርሁ። ሁለት ጊዜ ጨንግፎብኝ ሦስተኛው ነበር ዘጠኝ ወር የደረሰልኝ። ጥንቁቅ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የመውለጃ ቀኔን የወሩን በዓላት እያሰብሁ ክር ላይ ቋጠሮ በመቋጠር እቆጥር ነበር። በእኔ ቁጥር ገና ሁለት ሳምንት ይቀረኝ ነበር። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ባለቤቴን ሙላትን፣ «ቡሬ ውረድና ለገንፎው ማር፣ ለልጁም መጠቅለያ ይዘህ ና» ብዬ በማለዳ የሸኘሁት እኔው ነኝ።

ስለ ቃሬዛው ላላየው ሰው ልንገር። ሁለት ረጅም እንጨት ነው፣ መሐሉ በጠፍር የተጠለፈ። በሽተኛ ሲኖር ወንዶቹ በትከሻቸው ተሸክመው እየተቀባበሉ መኪና መንገድ ያደርሳሉ። ቃሬዛውም ጥሩምባውም የሚቀመጡት ከእኛ ቤት በላይ፣ ኮረብታው ላይ በአያ ዋሴ ቤት ነበር። ለሞት ሲነፋ ድምፁ ረዝሞ መጨረሻው ይሰበራል። ለበሽተኛ ሲሆን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይነፋል። ያን የሰማ ወንድ በሬውን እንደተጠመደ ትቶ ይሮጣል። የቀረ ሰው ይፈረድበታል፤ የሚፈርዱት ደግሞ የቃሬዛው ዳኛ፣ አባቴ ነበሩ። አባቴ እመጣለሁ ካሉ ይመጣሉ። ወንዝ ቢሞላባቸው ማዶ ቆመው ተጣርተው መድረሳቸውን ያሳውቃሉ። ሰው ጥብቅ ቀጠሮ ሲይዝ «የመኩሪያ ቀጠሮ ነው» ይባባል ነበር፣ በእሳቸው ስም። በእኛ ወገን ያሉት ተሸካሚዎች ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ ዐሥራ ሁለቱም የአንድ የሚካኤል ማኅበር ጠጪዎች ናቸው።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ይህን ጥሩምባ መዋስ የጀመረው ለስብሰባ ነው። ለእሱ የተፈቀደለት አንዴ አጭር አድርጎ ማስነፋት ነበር። ጊዜው የስብሰባ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ስለ ማዳበሪያ፣ ነገ ስለ ምርጫ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ስብሰባው አካሄድ። ሲበዛ ጊዜ አጭሩን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ጠፋ። በየካቲት ሚካኤል፣ ገበሬው ሁሉ በዓል አክብሮ በሚውልበት ቀን፣ ሊቀ መንበሩ አያ ዋሴን «የበሽተኛውን ንፋ» አላቸው። አያ ዋሴ ደግ ሰው ናቸው፤ ፈሪም ናቸው። ነፉ።

ወንዶቹ እያለከለኩ ኮረብታውን ሲወጡ ሊቀ መንበሩ መዝገብ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንኳን መጣችሁ» አላቸው። «በሽተኛዋ መሬታችን ናት። ጎርፍ አጥቦ ሊገድላት ነው። እርከን እንሠራላታለን፤ ዶማ አንሡ።»

አባቴ ቃሬዛውን ከግድግዳው አውርደው መሬት ላይ ዘረጉትና፣ «እንግዲያው ያምጧት፤ ራሷ በየት በኩል እንደሆነ ያሳዩንና እናስተኛት» አሉት ይባላል። ሰው ሳቀ። ስማቸው ግን ተመዝግቦ ነበርና በሚካኤል ቀን ሲቆፍሩ ዋሉ። እኛም ሴቶቹ በየቤታችን ብዙ ቀን ሳቅንበት። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ምን እንደመከሩ አላወቅንም።

ሙላት ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ሽርት ውኃዬ ፈሰሰ። አማቴ፣ ስማቸው እሜቴ ጥሩ፣ ያገሩ አዋላጅ ናቸው፤ ግማሹ መንደር በእጃቸው የወጣ ነው። ሆዴን ከላይ ዳበሱኝ፤ ደግመው ዳበሱኝ።

«ልጁ ወደ ጎን ጋደም ብሏል» አሉ።

«ጋደም ማለት ምንድን ነው?»

«እንዳባቱ ነው። ሙላትም ሰው ሲነሣ እሱ ይተኛል» ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን አልቆየም። ወደ ደጅ ወጡና ወደ ኮረብታው ሲጣሩ ሰማኋቸው። «ዋሴ፣ የበሽተኛውን ንፋ፤ የመኩሪያ ልጅ ናት» የሚለው ድምፃቸው እስከዚያ ከማውቀው ድምፃቸው የተለየ ነበር። ያኔ ነው የፈራሁት።

ጥሩምባው ሲነፋ መደቡ ላይ በጎኔ ተኝቼ በሩን እያየሁ ነበር። ነጠላዬ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስቱም ድምፅ ጥርት ብሎ ተከታተለ።

«ሰማሽ?» አሉኝ እሜቴ፣ ወገቤን ይዘው። «አሁን አባትሽ ቀድመው ይደርሳሉ። እስከዚያ ማርያምን ጥሪያት።»

ማኅበሩ የሚጠጣው ማዶ ነበር። ሸለቆውን ወርዶ እኛ ዘንድ ለመውጣት የቅዳሜን ውዳሴ ማርያም በቃል ደግሞ መጨረስ ይበቃል፤ በልጅነቴ እየደገምሁ ተመላልሼበታለሁና ልኩን አውቀዋለሁ። ጀመርሁ። ምጡ ሲመጣ ካቆምሁበት እየቀጠልሁ፣ ዓይኔን ከነጠላው ሳላነሣ ጨረስሁ። የእግር ድምፅ የለም።

አያ ዋሴ ሁለተኛውን ዙር ነፉ። ጎረቤቴ ማሬ ከቅዳሴ ስትመለስ ሰምታ ገባች፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር።

«እሜቴ፣ እኔ ማዶ ልሩጥና ልጥራቸው?» አለች።

«ጥሩምባ ተነፍቶ ደግሞ ሰው ይላካል?» አሏት እሜቴ። «ሰምተዋል። መንገድ ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ወንዝ ላይ እግራቸውን እየታጠቡ ነው?»

«ዝም በይ፤ ልጅቱን አታስፈሪያት።»

እኔም ማሬን «አትሂጂ» አልኋት። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። እኔም ብያታለሁ። አባቴ ጥሩምባ ሰምተው ይቀራሉ ብሎ ሰው መላክ ስድብ መሰለኝ።

ሦስተኛው ዙር ሲነፋ የአያ ዋሴ ትንፋሽ ይቆራረጥ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ጥሩምባውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቃሬዛውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ወረዱ።

«ከላይ ሆኜ ሸለቆውን ሁሉ አየሁት» አሉ። «አንድም ሰው አልወረደም። ምን ልሁን እሜቴ? ሳንባዬ አለቀ።»

በእኛ አገር ሴት ቃሬዛ አትሸከምም፤ ታይቶም አይታወቅም። ማሬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «እንግዲህ እኛ ወንድ እንሁን» አለች። «እነሱ ሲመጡ ውኃ ይቅዱልን።»

አምስት ሴቶችና አያ ዋሴ አነሡኝ። ትከሻቸው አልለመደም፤ ቁመታቸውም አልገጠመም። ቁልቁለቱ ላይ ራሴ ወደ ታች፣ ዳገቱ ላይ እግሬ ወደ ታች ይሆናል። እሜቴ ጥሩ አጠገቤ እየሮጡ እጄን ይዘዋል። ወንዙ ውስጥ አንዷ አንሸራተታትና ሁሉም ተንበረከኩ፤ ቃሬዛው ግን ውኃ አልነካውም። «አልጣልናትም፣ አልጣልናትም» ትላለች ማሬ፣ ለማን እንደምትናገር እንጃ። ልጁ እዚያ ወንዝ ድረስ ሲገፋኝ አስታውሳለሁ። ከወንዙ ወዲያ አላስታውስም።

ወንዶቹ ሦስት ሰዓት በሚሄዱት መንገድ አምስት ሰዓት ያህል ሄድን። ዋናው መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና ቆሞልን፣ ሹፌሩ ጆንያውን አስተካክሎ አስተኛኝ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። በማግሥቱ ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወንድ ነበር» አለኝ። «አንቺን ለማትረፍ ማሕፀንሽን ማውጣት ነበረብን። ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለና ቀሪውን ተወው።

አባቴ የመጡት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ወንበር ቢሰጣቸው አልተቀመጡም። በትራቸውን ይዘው እግርጌዬ ቆሙ።

«አባዬ፣ ጥሩምባውን አልሰማችሁትም?» አልኋቸው።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ነፋስ ነበር ልጄ» አሉ። «ወደ ታች ወሰደው።»

ዓይናቸው ቀልቶ ስላየሁ አሳዘኑኝ። «ታዲያ ነፋስን ማን ይይዘዋል አባዬ፤ ራስዎን አይጉዱ» አልኋቸው። ከቀዶ ሕክምና የወጣሁት እኔ፣ ያጽናናሁትም እኔ።

ከዚያ በኋላ አባቴ የቃሬዛ ዳኝነቱን ተዉ። ማኅበሩንም ተዉ፤ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ግን፣ ለበሽተኛም ሆነ ለስብሰባ፣ ማዶ ለማዶ የሚሮጡት እሳቸው ሆኑ። አጭሩንም ሦስቴውንም አይለዩም። ሊቀ መንበሩማ «ቀድሞ በመገኘት ሞዴል አርሶ አደር» ብሎ በስብሰባ አስጨብጭቦላቸዋል። ሰው ይህን እያነሣ ይስቅባቸው ነበር። እኔ ደግሞ እኮራባቸው ነበር። ሙላት ልጅ መፈለጉን በአፉ ሳይናገር ስለኖረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔው አሰናበትሁት። አንዲት ያገሬ ልጅ ሥራ አለ ብላ ወደዚህ አመጣችኝ። እዚህ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ሲፈሩ፣ «የሚታመን ሰው አለ፤ አባቴ ለምሳሌ» እያልሁ ስንቷን አረጋግቻለሁ።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ።

«ማን ነው ነፋስ አልነበረም ያለው?» አልኋት ስንዱን።

«ከማኅበሩ ሁለቱ ናቸው፤ ስም አልጠራም። ጠላ ስቀዳ እሰማለሁ። አንደኛው፣ ‹መኩሪያን የጨረሰው ያ ግዝት ነው› አለ።»

«የምን ግዝት?»

ስንዱ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ከየካቲቱ ማታለል በኋላ ወንዶቹ በማኅበራቸው ተቀምጠው መክረዋል። በሚካኤል ቀን ጥሩምባ ሰምቶ ከማኅበሩ የተነሣ፣ በሚካኤል ስም ግዝት ይሁንበት ብለው ቄሱን አስገዝተዋል። ይህ ነገር ቢወራ ፀረ ልማት ተብለን እንታሰራለን ብለው፣ የተናገረም ግዝት ይሁንበት ብለዋል። አሳቡን ያመጡት አባቴ ናቸው። የሚያከብሩት ጥሩምባ መዋሻ ሲሆን አልቻሉትም።

«ሰምተዋል?» አልሁ።

«ሦስቱንም። በመጀመሪያው፣ ‹ይኼ ሰውዬ ዛሬም አልተወንም› ብለው ሳቁ። በሁለተኛው አንዱ፣ ‹እውነት ቢሆን ሰው ይልኩ ነበር› አለ። በሦስተኛው ነው ዝም ያሉት።»

ማሬን «አትሂጂ» ያልኋት እኔ ነኝ።

«ቄሱስ? እግዚአብሔር ይፍታችሁ አይሏቸውም ነበር?»

«የገዘቱት ቄስ ለቅዳሴ ሌላ ደብር ሄደዋል፤ የገዘተው ካልፈታ ሌላ አይፈታም ብለው ነው። እስኪመጡ ሲጠብቁ ዋሉ። አመሻሽ ላይ ሲመጡ ግዝቱን ፈቱላቸው አሉ።»

አመሻሽ ላይ እኔ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበርሁ።

«አባዬስ?» አልኋት። «የእኔ ወር መግባቱን ያውቁ ነበር። በሦስተኛው ላይ አባዬ ምን አሉ?»

«እሱ ላይ ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም» አለችኝ። «አንደኛው ዋንጫቸውን አስቀምጠው በሩ ድረስ ሄደው፣ መቃኑን ይዘው ቆሙና ተመለሱ ይላል። ሌላው፣ አጠገባቸው ነበርሁ፣ ዋንጫው ከእጃቸው አልወረደም ይላል። ሊጣሉ ደረሱ። ከዚያ እኔን አዩኝና ወሬ ቀየሩ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥሁ። ያ ነጠላ ታየኝ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው። ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኔን ሳልነቅል ያየሁት፣ ጫፉ እንኳ ያልተነቃነቀ። ነፋስ አለመኖሩን እኔ ራሴ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን የተናገሩት አባቴ ስለሆኑ ካየሁት ይልቅ እሳቸውን አመንሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር ስንት ሌሊት እንዳገላበጥሁት አትጠይቁኝ። በዚያ ቀን ያልታመነ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ጥሩምባው አልጎደለም፤ ጥርት ብሎ ነፋ። አያ ዋሴ እስኪደክሙ ድረስ ነፉ። ወንዶቹም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ዐሥራ ሁለቱም፣ አንድ ሳይጎድል። አባቴ በሕይወታቸው ቃላቸውን አላጠፉም፣ ያን ዕለትም አላጠፉም። ሁሉም በያዘው ጸንቶ ሳለ ልጄ በመካከል ቀረ። የሊቀ መንበሩ ውሸት አንድ ቀን ነው፤ እርከን አስቆፈረበት፣ አለቀ። ያን ውሸት ተከትሎ የመጣው ግን ስንቱን እንደበላ ሊቀ መንበሩ እስከ ዛሬ አያውቅም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ነፍስ ለማዳን የሚከለክል ግዝት የለም ልጄ። ጌታ በሰንበት ፈውሷል። ተነሥተው ቢሮጡ ሚካኤል ራሱ ከፊታቸው ይሮጥ ነበር» አሉኝ። አልቅሼ ወጣሁ። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ዐሥራ ሁለት ጾመኛ ወንዶች መሐል የሚናገረው አንድ ሰው አጣ። እኔም ብሆን በዚያ ቤት ብቀመጥ ግዝት አፍርሼ እነሣ ነበር ብዬ አልምልም። ጾሜንና ስግደቴን ሳስብ፣ ከሚቀመጡት ወገን እሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ።

የከዳኝ መቀመጣቸው ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ግዝቱ ከተፈታ በኋላ የነበረው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው ያልቻልሁት። እነዚያ ሰዎች አገር ቤት በሄድሁ ቁጥር ተሰብስበው ሳሙኝ። «ያ ክፉ ነፋስ» ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ። አባቴ አልጋ ይዘው ሳሉ፣ ለሁለት ሳምንት አጠገባቸው ስቀመጥ፣ አንድ ቀን «ልጄ» ብለው ጀምረው ውኃ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አልቀጠሉም። ያን ውኃ ባልሰጣቸው ምን ይሉኝ ነበር እያልሁ አሁን እጄን እጠላዋለሁ።

ዛሬ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የበሽተኛ ማመላለሻ አልጋውን ጎማና ማሰሪያ መሞከር ነው። የእኔ ሥራ አይደለም፤ ይስቁብኛል። አምቡላንስ ተጠርቷል ሲሉኝም ሌላ ሰው በእግሩ መንገድ ድረስ እልካለሁ። «ተደውሏል እኮ» ይሉኛል። «ይደወል፤ ሰውም ይሂድ» እላለሁ። ማሬ ያን ዕለት ያለችው ይኸው ነበር።

በዚያ ቤት ተቀምጣችሁ ለነበራችሁ፣ ስማችሁን አላነሣሁም፤ አላነሣምም። ስንት እንደቀራችሁ ስንዱ ነግራኛለች። ሽማግሌ እንድትልኩ፣ ይቅርታ እንድትጠይቁኝ ብዬ አይደለም የጻፍሁት፤ እሱን ከሚካኤል ጋር ተነጋገሩት። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቡሬ ስትወርዱ ለስንዱ ንገሯት፣ እሷ ታደርስልኛለች። ጥሩምባው በሦስተኛው ዙር ሲነፋ አባቴ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ነበር? በሩ ድረስ ሄደው ነበር? አልሄዱም፣ ከቦታቸውም አልተነቃነቁም ብትሉኝ እችለዋለሁ። ያያችሁትን ንገሩኝ። ነፋሱን ግን ዳግመኛ አታምጡብኝ።